የአደንና የዓሣ ማጥመድ ሥዕል፦ ከሰኮናው እስከ ህትመቱ ቁጥር

ደብረ ብርሃን ላይ ለሠዓልያን፣ ለሥዕል መምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ንግግር ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አደንንና ዓሣ ማጥመድን መሣል ነው፤ ሁለተኛው ያንን ሥዕል በቁጥር ወስኖ ማተም። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣናቸው ገዢያቸው አንድ ስለሆነ ነው። የአደን ሥዕል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳውን ያውቃል። ወይ ያደነ ነው፣ ወይ አዳኝ ቤት ያደገ ነው፣ ወይ አውሬውን በመነጽር ሲከታተል የኖረ ነው። ሥዕሉ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፤ እግሩን፣ ሰኮናውን፣ የጠመንጃውን ዓይነት፣ የውኃውን አፈሳሰስ ነው። እዚያ ላይ ስህተት ካገኘ የቀረውንም አያምነውም። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ከሥር በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል፤ 7/30 ይላል፣ ከ30 ህትመት 7ኛው ማለት ነው። እዚህም የሚፈልገው ያንኑ እምነት ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ሁለት ጊዜ ይመረመራል ማለት ነው፣ አንዴ በዓይኑ፣ አንዴ በቃሉ።

ለሸዋ ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር ድረስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣውን የእንግሊዝ ልዑክ የመራው ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከዚያ በፊት በደቡባዊ አፍሪካ ያደነ፣ የዱር አራዊቱንም ሥሎ በህትመት ያወጣ ሰው ነበር። አብሮት የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ደግሞ የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ እየሣለ ቆይቶ ሥራዎቹን እ.ኤ.አ. በ1852 በድንጋይ ህትመት፣ በሊቶግራፍ አሳተማቸው። እናንተ በየቀኑ የምታዩት ገደል ከ170 ዓመት በፊት ታትሞ አውሮፓ ውስጥ ተሽጧል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም የተወለደው አንኮበር ነው፣ በ1925 ዓ.ም። የእንጨት ቅርጽ ህትመትን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሃንሰን ባሂያ ሊጠቀስ ይገባል። መሠረቱ አለ። የጎደለው ሠዓሊው ራሱ አትሞ፣ ራሱ ቆጥሮ የሚሸጥበት ልማድ ነው።

የአገራችን የቆየ የአደን ሥዕል ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለ። ሸራውን በክፍል በክፍል ከፍሎ አዳኞቹ ሲነሡ፣ አንበሳው ሲወጋ፣ ጎፈሩ ተይዞ ሲገባ፣ ፉከራውና ግብሩ ሲደረግ በተርታ ያሳያል። ታሪክን በአንድ ገበታ መተረክ ማለት ይኼ ነው፤ ዛሬም ልትጠቀሙበት የሚገባ ብልሃት ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የፈረሱ ግልቢያ ላይ። በቆየው ሥዕል ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የአውሮፓ ሠዓልያንም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር የሚሥሉት። እ.ኤ.አ. በ1878 ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ የሚጋልብ ፈረስ በተከታታይ ካሜራ አንሥቶ እንዳሳየው ፈረስ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚነሣው እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። ሲዘረጋ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ሰኮናው መሬት ይዟል። በፍጥነት የሚሮጥ አዳኝ ውሻ ግን ሲሰበሰብም ሲዘረጋም አየር ላይ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ውስጥ ፈረስና ውሻ ጎን ለጎን የሚሮጡ ከሆነ አንድ ዓይነት የእግር አረጋገጥ አትስጧቸው።

የመሣሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። የሣህለ ሥላሴን ዘመን አደን የሚሥል ሰው በፈረሰኛው እጅ ሰናድር ወይም ውጅግራ ማስያዝ አይችልም፤ እነዚህ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ነፍጥ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ጦር ከሆነ ደግሞ ጦሩ በቀኝ፣ ጋሻው በግራ። ይህን ያነሣሁት ለህትመት ስንደርስ ስለሚመለስብን ነው።

ምን እንሣል የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከድሮው ይለያል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀይ ቀበሮ ወግቶ የቆመ ሰው መሣል ለማንም አይጠቅምም። ይሁን እንጂ የአደን ሥዕል አለቀለት ማለት አይደለም። አዳኝ ሰው ብቻ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮው ራሱ አዳኝ ነው፤ በቀን፣ ብቻውን፣ በጓሳ ሣር መካከል አይጥ ያድናል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጥቁር ንስር ሽኮኮ ያድናል። እነዚህ ሁለቱ ለህትመት የሚመጥኑ፣ በአካባቢያችን በዓይን የሚታዩ የአደን ትዕይንቶች ናቸው። የጓሳ ምድር በአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ ስለሆነ ሥዕሉ የቦታውንም ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ቀይ ቀበሮን በቅርብ እንየው። እግሩ ረጅም ነው፣ አፍንጫው ቀጭንና ሹል፣ ጆሮው ሰፊና ቀጥ ያለ። ጉሮሮው፣ ደረቱና የእግሮቹ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ነው። ጭራው ከሥሩ ነጣ ይልና ወደ ጫፉ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሠዓሊ የሚሳሳተው ተራ ቀበሮን ወስዶ ቀይ ቀለም ስለሚቀባ ነው፤ ያኔ እግሩ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም ይሆንና እንስሳው ሌላ ይሆናል። አይጥ ሲያደባ ሆዱ ሣሩን ይነካል፣ ራሱ ከጀርባው መስመር በታች ይወርዳል፣ ጆሮዎቹ ሁለቱም ወደ አንድ ነጥብ ይዞራሉ። ሲዘል ደግሞ ጀርባው ይቀሰትና አፍንጫውና ሁለቱ የፊት እግሮቹ አብረው ይወርዳሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ የማድባቱ ይሻላል፤ የዝላዩ ሥዕል ለዓይን ይደምቃል፣ ቶሎ ግን ይሰለቻል።

ሰስን፣ ቋጥኝ ላይ የሚኖረውን ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳ፣ የሚሥል ሰው ሰኮናውን ይመልከት። ሰስ የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ላይ ነው፤ ሰኮናው አጭርና ድብልብል ነው እንጂ እንደ ፍየል ሰኮና ወደፊት የሾለ አይደለም። ቋጥኝ ላይ አራቱንም እግሩን አንድ ላይ ሰብስቦ መቆሙ ከዚህ የመጣ ነው። ጸጉሩ ደግሞ ሻካራና ተሰባሪ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት አያብረቀርቅም፤ እንደ ድኩላ ጀርባ ማብራቱ ስህተት ነው። ለሁሉም ሰኮናማ እንስሳ የሚሠራ አንድ ደንብ ልጨምር፦ የፊት እግሩ ላይ ጉልበት የምንለው አጥንት በሰው ቢሆን የእጅ አንጓ ነው፣ የኋላ እግሩ ላይ ቋንጃው ያለበት ቦታ ደግሞ ተረከዝ ነው። ይህን የያዘ ሰው እግሩን ወደ ስህተት አቅጣጫ አያጥፈውም።

ጭላዳን ለማጀቢያ የምትጠቀሙ ከሆነ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ሥሉት፤ አብዛኛውን የቀን ጊዜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው፣ ትንሽ ቦታ ሲቀይርም በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። ዛፍ ላይ ያወጣው ሠዓሊ ሌላ ዝንጀሮ ሥሏል።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። እዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። አየሩ ስስ ስለሆነ በጠራ ቀን ጥላው ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡም ከሰማዩ ሰማያዊ ይወስዳል። ጥላን በጥቁር መቀባት እዚህ አገር አይሠራም። በጣርማ በርና በጓሳ ጭጋግ ሲወርድ ግን ሁሉ ይገለበጣል፤ የሩቁ ነገር ይነጣል፣ የቅርቡ ብቻ ቀለም ይይዛል። ጭጋግ ለአታሚ በረከት ነው። በሦስትና በአራት ቀለም ብቻ ጥልቀት ማሳየት ያስችላል።

አሁን ዓሣው። ሰሜን ሸዋ ሲባል ሰው ዓሣ አያስብም፤ ግን ጀማ አለ፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ሌሎች ወንዞችም አሉ። ዓሣ የሚሥል ሰው ዓይነቱን መለየት አለበት። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጢሙም ስምንት ነው፣ አራት ጥንድ። ቢልጫ ትልልቅ ቅርፊት አለው፣ አፉ ዙሪያ ጢሙ አራት ነው፣ የጀርባ ክንፉ አጭርና አንድ ነው። ቆሮሶ ጢም የለውም፤ የጀርባ ክንፉ ረጅም ሆኖ ከፊት እሾሃም ከኋላ ለስላሳ ነው፣ የጭራ ክንፉ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። በጎኑ የሚሄደው መስመር በቢልጫ ላይ ከራስ እስከ ጭራ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ በቆሮሶ ላይ ግን ተቋርጦ ከፍ ብሎና ዝቅ ብሎ በሁለት ይከፈላል። ይህችን መስመር በትክክል ያሰመረ ሠዓሊ ዓሣ አጥማጁን አሸነፈው ማለት ነው።

ዓሣ ከውኃ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ገበያ ላይ የተጋደመውን አይቶ ሕያው ዓሣ መሣል ግራጫ ዓሣ ያወጣል። ወንዝ ዳር የምትሠሩ ከሆነ ቅርጹን ተዉትና መጀመሪያ ቀለሙን ብቻ በነጥብ በነጥብ ያዙ፤ ጀርባ፣ ጎን፣ ሆድ፣ ክንፍ። ቅርጹ አይሸሽም፣ በኋላ ይደረስበታል። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ደግሞ ከላይ ለሚያይ ሰው ካለበት ጥልቀት ሦስት አራተኛ ያህል ላይ ብቻ ያለ ይመስላል። ውኃ ውስጥ የገባ ዘንግም መግቢያው ላይ የተሰበረ ይመስላል፤ ቀጥ አድርጎ የሣለው ሰው ውኃውን አጠፋው። የወንዝ ነጸብራቅ ላይ ጨለማው ነገር ትንሽ ይነጣል፣ ብሩሁ ነገር ትንሽ ይጠቁራል። በክረምት ጀማ ድፍርስ ስለሆነ ነጸብራቁም ያነሰ ነው፣ የውስጡም አይታይም፤ የጠራ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ የበጋ ሥዕል ነው።

በብርብራ ማጥመድንም መሣል የሚፈልግ ይኖራል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዛል። መጀመሪያ አፉን ከውኃው ፊት ከፍቶ ይንሳፈፋል፣ ቀጥሎ በጎኑ ይጋደማል፣ መጨረሻ ሆዱን ወደ ላይ ይገለብጣል። ሦስቱን ደረጃ በአንድ ወንዝ ላይ ማሳየት ሥዕሉን ሕይወት ይሰጠዋል። ጫጩቱንም ሳይለይ የሚፈጅ ዘዴ ስለሆነ ግን ትንንሾቹንም አብራችሁ ሣሉ። እውነቱ እሱ ነው።

ሸራ ላይ ለምትሠሩ አንድ የደብረ ብርሃን ጉዳይ፦ አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በትክክል አይያያዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ። ማታ ቀብታችሁ ባልሞቀ ክፍል ያደራችሁት ሥዕል ጠዋት ደህና ይመስላል፤ ቆይቶ ግን በዱቄት መልክ ይነሣል ወይም ይሰነጠቃል። በእነዚህ ወራት አክሪሊክ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብቻ ቀቡ። የዘይት ቀለም አይበላሽም፣ ይዘገያል እንጂ።

አሁን ወደ ህትመቱ። ሦስት መንገድ አለ። ሠዓሊው ራሱ ከቀረጸው ገጽ በእጁ የሚያትመው አንድ ነው። ሌላው ዋናው ሥዕል ፎቶ ተነሥቶ በማሽን የሚባዛው ነው። ሦስተኛው ከራሱ ከዓሣው በቀጥታ የሚወሰደው ነው። የቁጥሩ ትርጉም በሦስቱ ላይ አንድ አይደለም። ማሽን ሺህ ማተም ይችላል፤ 30 ላይ ያቆመው የሠዓሊው ቃል ብቻ ነው። በእጅ የሚቀረጽ አንድ ዘዴ አለ፣ እሱ ግን ቁጥሩን ራሱ ይወስናል። ይኸውም አንድን ሊኖ፣ በቀላሉ የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ፣ እየቀረጹ እያተሙ፣ እንደገና እየቀረጹ እያተሙ የሚሄዱበት ነው። መጨረሻ ላይ ገጹ ስለሚያልቅ 31ኛውን ማተም አይቻልም። ለጀማሪ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብለን እናምናለን፤ ማተሚያ ማሽን አይፈልግም፣ ገዢውም ቁጥሩን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል።

የጓሳውን ቀይ ቀበሮ በዚህ መንገድ እንሥራው። ሊኖው 20 በ28 ሳ.ሜ. ይሁን፣ ወረቀቱ ኤ3፣ ማለትም 29.7 በ42 ሳ.ሜ.። እንዲህ ሲሆን በጎን 5 ሳ.ሜ. ገደማ፣ ከላይና ከታች 7 ሳ.ሜ. ህዳግ ይተርፋል፤ ለፊርማም ለፍሬምም ይበቃል። በማንኪያ ለሚታሽ ህትመት ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 150 ግራም፣ ጥጥ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ የወፈረ ያለ ማሽን ቀለም በደንብ አይወስድም።

30 ህትመት ለማውጣት በ30 ወረቀት አይጀመርም። 3 የሠዓሊ ናሙና፣ ማለትም ከእትሙ ቁጥር ውጭ ለሠዓሊው የሚቀር ህትመት፣ ይጨመራል፣ 33 ሆነ። በአራት ቀለም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሦስት ወረቀት ይበላሻል። ስለዚህ 45 ወረቀት ተቆርጦ፣ ተቆጥሮ ይዘጋጃል። ወረቀት ያጠረው ሰው መሃል ላይ መጨመር አይችልም፣ የመጀመሪያው ቀለም የነበረበት ገጽ ከእንግዲህ የለምና።

ሥዕሉ ሊኖው ላይ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ፈረሰኛ ቢሆን ጦሩ በግራ፣ ጋሻው በቀኝ ሆኖ ይታተማል፤ ፊደልም ይገለበጣል። ንድፉን በስስ ወረቀት ሠርታችሁ ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው በኩል አስተላልፉት። ከቀረጻችሁ በኋላ ማረሚያ የለውም።

ወረቀቱ በእያንዳንዱ ዙር ያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ መያዣ ያስፈልጋል። አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሊኖው የሚገባበት ማዕዘን ካርቶን ይለጠፋል። ከላይ በኩል በ8 ሳ.ሜ. ርቀት ሁለት 6 ሚ.ሜ. የሚወፍሩ አጫጭር እንጨቶች ይተከላሉ። የቢሮ ወረቀት መብሻ የሚበሳው ቀዳዳ በዚሁ ርቀትና ስፋት ነው። ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ቁራጭ ይለጠፍና ይበሳል፤ በየዙሩ ቀዳዳው እንጨቱ ላይ ይገባል። ህትመቱ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይነሣል።

የመጀመሪያው ቀረጻ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ማውጣት ነው፦ የቀበሮውን ጉሮሮ፣ ደረት፣ የጭራውን ሥር፣ ሣሩ ላይ ያረፈውን ጥቂት ብርሃን። እዚህ የተረሳ ነጭ በኋላ አይገኝም፤ ብዙ የሚበላሸው በጉሮሮው ነው። ከዚያ ፈዛዛ ግራጫ፣ የጭጋጉ ቀለም፣ በ45ቱም ላይ ይታተማል። ቀለሙ መስታወት ላይ በሮለር ሲዘረጋ ስስና እኩል መሆን አለበት። ሮለሩ ሲንከባለል ቀጭን የመንሾካሾክ ድምፅ ካሰማ ልክ ነው። የሚያጣብቅ፣ የሚላጥ ድምፅ ካለው በዝቷል፤ የበዛ ቀለም ቀጭኑን መስመር ይሞላዋል። ወረቀቱ ከተጋደመ በኋላ ላዩ ላይ ሌላ ለስላሳ ወረቀት ይደረግና በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ይታሻል። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ለ45ቱ አራት ሰዓት ያህል ነው። ቀለም አቀባቡ እንዳይለያይ በአንድ ቀን መጨረስ ይሻላል።

ሁለተኛው የሣሩ ቀለም ነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ። ከመታተሙ በፊት ጭጋግ ሆኖ የሚቀረው ሰማይ ይቀረጻል። ችግሩ ቀበሮው ነው። አረንጓዴ ከሥሩ ከገባ በላዩ የሚመጣው ቀይ ወደ ቡናማ ይጨልማል። ቀበሮውን ደግሞ አሁን ቀርጾ ማንሣት አይቻልም፣ ሦስተኛው ቀለም ያስፈልገዋልና። መፍትሔው በቀበሮው ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ወረቀት ነው። ሊኖው አረንጓዴ ከተቀባ በኋላ ያ ወረቀት ቀበሮው ላይ ይጋደማል፤ ሲታተም ቀበሮው ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። ጭምብሉ ቶሎ ስለሚርስ አሥር ያህሉን ቆርጦ ማዘጋጀት ነው። ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ጠበብ ይበል፤ ከሰፋ በቀበሮው ዙሪያ የግራጫ ክር ይተዋል።

ሦስተኛው የቀበሮው ቀይ ነው። ሣሩ ላይ ብርሃን ሆኖ የሚቀረው ይቀረጽና ቀዩ በትንሽ ሮለር ቀበሮው ላይ ብቻ ይቀባል። ከሥሩ ግራጫ ስላለ ብቻውን ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ነጭና ጥቂት ቢጫ ሲገባበት ይሸፍናል፣ ይሞቃልም። አራተኛው ጥቁር ቡናማ ነው፣ ለጭራው ጫፍ፣ ለዓይኑ፣ ለአፍንጫው፣ ለቋጥኙና ለሣሩ ጥላ። ለዚህ ሲቀረጽ ከሊኖው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀለሞች የነበሩበት ገጽ ሁሉ ፍርፋሪ ሆኖ ወለል ላይ ነው።

በዘይት የተሠራ የህትመት ቀለም በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ በአንድ ዙር እስከ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተጨመረ ቀለሙ ቀለሙን ይልጣል። ከመጠን በላይ ደርቆ ካብረቀረቀ ደግሞ አዲሱን አይቀበልም፣ በጠብታ በጠብታ ይቀራል። ጣት ሲነካው የማይለቅበት ግን ገና ያልጠነከረበት ጊዜ ጥሩው ነው። ሌላው ጠንቅ ወረቀቱ ነው፤ በእርጥበት ያብጣል፣ በደረቅ አየር ይሰበሰባል። በነሐሴ ጀምሮ በጥቅምት የጨረሰ ሰው ቀለሞቹ እርስ በእርስ ቢሳሳቱ መያዣውን አይውቀስ። አንዱን እትም በአንድ ወቅት መጨረስ ነው።

ከዓሣው በቀጥታ የሚወሰደው ህትመት የጃፓን ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ለመመዝገብ የጀመሩት ነው፣ ጊዮታኩ ይሉታል። ዓሣው በጨው ታሽቶ ልጋጉ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል። አፉና ሌላው ቀዳዳው በጥጥ ይደፈናል፤ ውኃ ከወጣ ህትመቱን ያበላሸዋል። ክንፎቹ ተዘርግተው ከሥራቸው ሸክላ ጭቃ ወይም ካርቶን ይደረጋል፣ በመርፌም ይያዛሉ። ቀለሙ ስስ ተደርጎ ከራስ ወደ ጭራ ይቀባል፣ ዓይኑ ይጠረጋል። ስስ ወረቀት ወይም የታጠበ አቡጀዲ ይጋደምበትና በጣት ከመሃል ወደ ዳር ይጫናል። ዓይኑ በኋላ በብሩሽ ይሣላል። ቢልጫ ለዚህ ተመራጭ ነው፣ ቅርፊቱ ትልልቅ ነውና፤ አምባዛ የቅርፊት ምልክት አይተውም። አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል 1/20 ብሎ መቁጠር ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ 1/1 ነው።

ሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል በማሽን የሚባዛ ከሆነ ጥራቱ የሚወሰነው ሲነሣ ነው። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ፍጹም ትይዩ፣ ሁለት አንድ ዓይነት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ 40 በ60 ሳ.ሜ. ለሆነ ህትመት 4,724 በ7,087 ነጥብ ማለት ነው። ከዚያ ባነሰ ፋይል ማስፋት ጸጉሩን ያደበዝዘዋል፣ የአደን ሥዕል ደግሞ ያለ ጸጉር ምንም ነው። ማተሚያ ቤቱን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀለሙ ፒግመንት (ከማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት የተሠራ) ነው ወይስ ዳይ (በፈሳሽ የሟሟ)፣ ወረቀቱ ሙሉ ጥጥና ከአሲድ ነፃ ነው ወይ፣ ክብደቱስ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው። ዳይ ቀለም በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይገረጣል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የሙከራ ቁራጭ አሳትማችሁ ከሥዕሉ ጎን በቀን ብርሃን አወዳድሩት፤ ስክሪን ላይ ያያችሁትን አትመኑ። የቀበሮው ቀይና የጓሳው አረንጓዴ መጀመሪያ የሚለወጡት ናቸው።

ስለ ገበያው ካነሣን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የውኃ ወፍ አዳኞች በየዓመቱ የሚገዙት ቴምብር አላት። ገቢው የውኃ ወፎች መኖሪያ የሆነ ረግረግ ለመጠበቅ ይውላል። የቴምብሩን ሥዕል በውድድር ያሸነፉ ሠዓልያን ያንኑ ሥዕል በቁጥር የተወሰነ ህትመት አድርገው ይሸጣሉ። አዳኝ፣ ሠዓሊና ጥበቃ በአንድ ወረቀት መገናኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ቁጥሩ የሚጻፈው ከምስሉ በታች በግራ ነው፣ ርእሱ በመሃል፣ ስምና ዓመተ ምሕረት በቀኝ። በእርሳስ ይሁን። እርሳስ አይደበዝዝም፣ የወረቀቱን ክር ስለሚጫን በማሽን ከታተመ ፊርማ በጣትም በዓይንም ይለያል። በግእዝ ቁጥር ፯/፴ ብሎ መጻፍም ያምራል፤ መዝገቡ ላይ ግን በሁለቱም ይስፈር። የሠዓሊ ናሙና ከእትሙ አንድ አሥረኛ አይበልጥ፣ ቁጥሩም ለገዢ ይነገር። ያው ምስል በሌላ መጠን የሚታተም ከሆነ ከመጀመሪያው ህትመት ሽያጭ በፊት መገለጽ አለበት። በትልቁ 30 ሸጦ በኋላ በትንሹ 200 ማውጣት የመጀመሪያዎቹን 30 ሰዎች ማታለል ነው። በአንድ ቀለም የተቀረጸና ሳይጠፋ የሚቀር ሊኖ ከሆነ ሲያልቅ በገጹ ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለት መስመር ይቀረጽና አንድ ወረቀት ይታተምበታል። ያ ወረቀት እትሙ መዘጋቱን የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ዋናውን ሸራ የሸጠ ሠዓሊ የማተም መብቱን አብሮ አልሸጠም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው ያንን ይጠብቅለታል። ያም ሆኖ ሲሸጥ በጽሑፍ ማስፈር ጠብ ያስቀራል። በተቃራኒው ከሌላ ሰው ፎቶ የቀበሮ ምስል ገልብጦ ማሳተም ያው መብት በእናንተ ላይ እንዲነሣ ያደርጋል።

ፍሬም ላይ አጭር ነገር፦ መስታወቱ ህትመቱን አይንካው፣ ካርቶኑ ከአሲድ ነፃ ይሁን፣ ወረቀቱ በስታርች ሙጫና በስስ ወረቀት ከላይ በኩል ብቻ ይንጠልጠል። ፕላስተር ቢጫ እድፍ ይተዋል፤ አይለቅም።

በመጨረሻ መዝገቡ። ለእያንዳንዱ እትም አንድ ገጽ፦ ርእስ፣ ዘዴ፣ የምስሉና የወረቀቱ መጠን፣ የቀለሞቹ ብዛት፣ የተጠናቀቀበት ቀን፣ የእትሙና የናሙናው ቁጥር። ከሥሩ ከ1 እስከ 30 ተራ ይሰመርና እያንዳንዱ ለማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተሸጠ ይጻፋል። በሥራ ጊዜ የተበላሹት ወረቀቶች ከመፈረም በፊት ይቀደዱ፤ ቀለማቸው ትንሽ የተሳሳተ ነው ተብሎ ለወዳጅ የተሰጠ ወረቀት ከዓመታት በኋላ ያለ ቁጥር ገበያ ላይ ይገኛል። የተሸጠ ህትመት በእሳት ወይም በውኃ ቢበላሽና ገዢው ምትክ ቢጠይቅ፣ የተበላሸው ወረቀት በእጃችሁ ሳይገባ ምትክ አይሰጥም። ከገባ ይቀደዳል፤ ከናሙናዎቹ አንዱ በራሱ በናሙናነት ምልክቱ ይሰጠዋል፣ በመዝገቡም የዚያ ቁጥር መስመር ላይ ምክንያቱና ቀኑ ይጻፋል። ናሙና ካላለቀ ነው ይህ የሚሆነው። ካለቀ ያ ቁጥር ተዘግቶ ይቀራል።